አምላክ የሌለው ሽማግሌዬ

ልደታ ውስጥ ከኔ የተሻለ ጎሚስታ አልነበረም። ይኼን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ለመኩራት ብፈልግማ ሌላ ብዙ አለኝ። መኪና ገና ከሩቅ ሲመጣ ድምፁን ሰምቼ የቱ ጎማ እንደተነፈሰ እናገራለሁ። እንግሊዝኛም አውቃለሁ፤ ጎማ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሳልንተባተብ ነው የማነበው። ትምህርት ቤትና እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ይኼን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው። ዋናው ነገር ያማል። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ላገባት ነበር፣ አላገባኋትም። ያላገባኋትም አንድ ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪ አምላክ አለው ወይስ የለውም በሚል ጉዳይ ነው። ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

ጊዜው ደርግ ገና ሳያረጅ ነው። ቀበሌ ነፍስህን አምጣ ቢል የሚሰጥበት ጊዜ። እኔ ከአብነት ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ቤት ውስጥ ጎማ እጠግናለሁ። እሷ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ መንግሥት መስሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ልትይዝ በኔ በር ነው የምታልፈው። ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ሴቶች ሁሉ አፌን ያልፈራች እሷ ብቻ ነበረች።

«እህት፣ ጫማሽ ንፋስ ያነሰው ይመስላል፤ ልሙላልሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ካንተ ቀንስ» አለችኝ ሳትቆም፣ «ልትፈነዳ ነው የደረስከው።»

አለቀ። የዛን ቀን አንድ ጎማ ገልብጬ ገጠምኩ። እኔ! ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መሸኘት፣ መጠበቅ፣ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግር መሄድ፣ ሰው ሲመጣ የማይተዋወቁ መምሰል። አንድ ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። በኋላ «እንግዲህ ሽማግሌ ላክ፤ አባቴን ታውቃቸዋለህ» አለችኝ።

አባቷን የማያውቅ የለም። ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። ምስክር ሲቀርብ መጽሐፉን ይዘው «እውነቱን እንድትናገር ማል» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ለክርስቲያኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለእስላሙ ቁርዓን። ስንቱን ሌባ፣ ስንቱን ባላባት አስምለዋል። ከጡረታ በኋላም መሐላው ከእጃቸው አልወጣም፤ ሥጋ ሻጩን ሳይቀር «ይኼ የዛሬ በሬ ነው? እስቲ ማልልኝ» ነው የሚሉት። ሚስታቸው ሞተዋል። ትልቋን ልጃቸውን ለአንድ ሹፌር ድረው ነበር፤ ሰውየው ሲደበድባት ኖሮ በመጨረሻ ሆዷ ውስጥ ያለውን አስወርዷት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ብዙም አልቆየች፣ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ለዚች ለቀረችው ልጅ ማንም አይመጥንላቸውም።

እኔ ደግሞ አባት የለኝም። ሽማግሌ የምፈልገው ራሴ ነኝ። አንደኛ የእድራችን ዳኛ፤ ጋቢያቸውን ሲያጣፉ ብቻ ጠብ ያበርዳሉ። ሁለተኛ ባለሱቁ ሀጂ፤ ሰፈሩን በሙሉ ስኳርና ፓስታ በዱቤ ያበላሉ፣ ስለዚህ ማንም እንቢ አይላቸውም። ሦስተኛው ላይ አራዳነቴ መጣ። ሌላው ሰው አጎቱን ይልካል። እኔ የውጭ አገር ሰው እልካለሁ አልኩ።

ህንዱን አስተማሪ ማለቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል። አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፤ ያረጀች ብስክሌት አለችው፣ ጎማዋ ከመንገዱ ጋር ስለማይስማማ በየሳምንቱ እኔ ጋ ነች። ልጅቷንም ሂሳብ አስተምሯታል። አማርኛው ሁሉንም ሰው «አንተ» የሚል ነው፤ ሊቀመንበሩን አንተ፣ ቄሱን አንተ፣ የቤቱን ባለቤት እትዬንም አንተ። እኔም ታዲያ አንተ እያልኩት ተግባባን።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ሰው ሥጋ አይበላም። እንቁላል አይበላም። ዓሣ አይበላም። በሁዳዴ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ። ፋሲካ ሌሊት ሰዉ ሁሉ ዶሮ ሲቆርጥ እሱ ሽሮውን ይዞ ቁጭ ይላል። ሰፈሩ ምን አለ መሰላችሁ? መናኝ ነው አለ። ሴቶቹ በመንገድ ሲያልፍ ዝቅ ይሉለት ነበር። አንዷ ወተት ሲጠጣ አይታዋለች፤ ግን ራሷ ፈታችው፤ «የሀገሩ ጳጳስ ፈቅዶለት ነው» ብላ። የልጅቷ አባትማ «እኛ ሁለት ወር ጾመን እናዛጋለን፣ ይኼ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጾመ» እያሉ ለልጃቸው ምሳሌ ያደርጉት ነበር። ታዲያ ከዚህ የበለጠ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

ስነግረው ብስክሌቱን ይዞ አየኝ። «እኔ አባት የለኝም ልጅ የለኝም እዚህ አገር» አለ። «አንተ ትልካለህ እኔን?» ዓይኑ እርጥብ ሆነ። ያን ዕለት ሂዶ ኮቱን ለላውንደሪ ሰጠ።

አንድ ችግር ነበር። አማርኛው ለሽምግልና አይሆንም። ሽምግልና ላይ አንድ ቃል ስታጣምም ጠብ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሰፈር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ደግሞ ማነው? እኔ። የእድሩ ዳኛ «ሙሽራው ራሱ ለራሱ ሽማግሌ አስተርጓሚ ሆኖ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም» ብለው ሊሞቱ ደረሱ። ሀጂ ግን «ይታይ! ዘመኑ የአብዮት አይደል?» አሉ። ሄድኩ። በልደታ ታሪክ ለራሱ ሽማግሌ ያስተረጎመ ወጣት እኔ ብቻ ነኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ ቤት ገባን። ህንዱ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ልማዱ ነው። አባቷ በጣም ደስ አላቸው፣ «ቤቴን እንደ ቤተ ክርስቲያን አየው» አሉ ቀስ ብለው። ተቀመጡ ሲሉ ሽማግሌዎቹ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ተነጋገሩ፣ ተቀመጡ። እኔ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጠኝ። ከመጋረጃው በስተጀርባ የእሷን እግር ጣቶች አየኋቸው።

«ልጁ ሙያ እንዳለው አውቃለሁ» አሉ አባቷ። «አፉ ትንሽ በዛ እንጂ።»

«አላህ አፍ አድርጎ ሠርቶት ምን ያድርግ» አሉ ሀጂ። «ልቡ ግን ንጹሕ ነው።»

አባቷ ሳቁ! ሳቁ ስላችሁ። እኔ በሆዴ ድንኳን ተከልኩ፣ በግ ገዛሁ፣ ሰርገኛ ጠራሁ።

«እንግዲህ እኔ ሰው ሳስምል የኖርኩ ነኝ» አሉ። «ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም። ይኼ ልጅ ልጄ ላይ እጁን እንደማያነሳ፣ እንደማያስርባት፣ እንደማይጥላት ሦስታችሁም ማሉልኝ። ከማላችሁ ዛሬውኑ እሰጣለሁ።»

የእድሩ ዳኛ ተነስተው «ልደታን» አሉ፤ ማሉ። ሀጂ «ወላሂ» አሉ፤ ማሉ። አባቷ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ለሁለቱም እኩል። ወደ ህንዱ ዞሩ። ድምፃቸው እንኳ ለሰለሰ።

«እርስዎ ደሞ በሀገርዎ አምላክ ይማሉ። የምን አምላክ እንደሆነ አልጠይቅም። ፍርድ ቤትም ቢሆን ለእርስዎ የሚሆን መጽሐፍ አልነበረንም።»

ህንዱ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ረዥም ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጎማ ላይ ያላየሁት እንግሊዝኛ ነበር፤ ቢሆንም «ምያለሁ ይላል» ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ፣ በአማርኛ።

«አምላክ እኔ ቤት የለም።»

የእድሩ ዳኛ ቶሎ ብለው «ቤቴ ሥዕለ አድኅኖ አልሰቀልኩም ማለቱ ነው» አሉ።

«አይደለም» አለ ህንዱ። «ሥዕል አለ። የእናቴ ነው። አምላክ የለም።»

አባቷ «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙት ለማን ነው?» አሉት።

«ለበሬው» አለ ህንዱ። «በሬው እንዳይሞት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ወለል ላይ ወድቄ እስቅ ነበር። አባቷ ግን ፊታቸው ሲወድቅ አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት ቅዱስ ብለው ያከበሩትን ሰው ባንድ አፍታ አጡት። ቆይተው «እግዜር የሌለው ዋስ፣ ዋስ አይደለም» አሉ። «በሱ የማያምን እንደሆነ ቢዋሽ ማን ይይዘዋል?» ብለው በሩን አሳዩን፤ በትሕትና ነው፣ ግን በሩን ነው።

መንገድ ላይ ተቃጠልኩ። «ቲቸር! አንዲት ቃል! ምን ነበረበት? ሰይጣንም ተጠርቶ ቢሆን ይምልልኝ ነበር!»

እሱ ብስክሌቱን እየገፋ ቀስ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። እንዳትሰለቹ እንጂ እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ዛሬም አልጠፋኝም። በነሱ አገር እንደኛ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት እንደሚባለው በየቤቱ የተከፈለ ትምህርት አላቸው፣ የድሮ፣ የሊቃውንት። አባቱ የነበረበት ቤት ሳንክያ ይባላል። ሳንክያ እንዲህ ነው የሚለው፦ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የሚያይ ነው፣ ነፍስ በሉት፤ አይሠራም፣ ያያል ብቻ። ሌላው የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ነው፤ ድንጋዩ፣ ዝናቡ፣ ሆዳችን፣ ሐሳባችን ሳይቀር። ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ሠሪ አያስፈልግም። ስለዚህ ፈጣሪ የሚባል የለም።

«እሺ ሌላው ቤትስ?» አልኩት።

ሌላው ዮጋ የሚባል አለ። እሱ እንደ ሳንክያ ነው፣ ግን ጌታ አለው። ሚማንሳ የሚባል ደሞ አለ፤ እነሱ ጠዋት ማታ እሳት እያነደዱ ሥርዓት ያደርሳሉ፣ አንድ ቃል ቢዛነፍ ይደግሙታል፣ ግን ዓለምን የፈጠረ የለም ይላሉ። ኒያያ የሚባሉት ደሞ፣ ማሰሮ ካለ ሸክላ ሠሪ አለ፣ ዓለም ካለ ሠሪ አለ ብለው ይከራከራሉ።

«ቲቸር» አልኩት መሐል መንገድ ላይ ቆሜ፣ «ታዲያ ለአንድ እሁድ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ብትገባ ምን ይልሃል? ለአንድ እሁድ ብቻ! ማታ ትመለሳለህ!»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሞተ። «እኔ ልጆች አስተምራለሁ» አለ። «ፈተና ላይ የማታውቀው ከሆነ ባዶ ተው እላለሁ። አትቅዳ። ዜሮ ይሻላል።»

«ዜሮውን'ኮ እኔ ነኝ ያገኘሁት» አልኩት።

ወሬው ባንድ ቀን ሰፈሩን ዞረ። ዓመቱን ሙሉ የሚጾመው ህንድ አምላክ የለውም! ሴቶቹ ዝቅ ማለት ተዉ። አንዷ ብቻ «ምስኪን፣ ለበሬ ነው የጾመው» ብላ አለቀሰችለት። እንግዲህ ሴትየዋ ያለቀሰችለትን ሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ሕዝቡን የሚያስተምርልኝ አምላክ የለሽ አገኘሁ ብሎ ዘለለ። የውይይት ክበብ ነበረን፣ እሁድ እሁድ፤ ያልመጣ ስኳሩ ይቀርበታል። ሊቀመንበሩ ህንዱን መድረክ ላይ አቆመውና፦

«ጓዶች! ይኼ ምሁር ከሩቅ እስያ የመጣ ነው። ሕዝቡ ከሺህ ዓመታት በፊት ፈጣሪ እንደሌለ በሳይንስ ያረጋገጠ ነው! ጓድ፣ ይንገሩን!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ እሷ ከታይፒስቶቹ ጋር መሐል ላይ። አባቷም መጥተው ነበር፤ የጡረታ ስኳርም ስኳር ነው።

«ፈጣሪ የለም» አለ ህንዱ። ሊቀመንበሩ በፈገግታ ተሞላ። «ግን ነፍስ አለ። ብዙ። በሁሉም ውስጥ። ሰው ሲሞት ነፍስ እንደገና ይወለዳል።»

አሮጊቶቹ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ ነፍስ... ይኼ ሃሳባዊነት ነው።»

«አዎ» አለ ህንዱ ተስማምቶ፣ ቃሉ ስላልገባው። «ሌላ የኛ ሰዎች ደሞ አሉ። ፈጣሪ የለም ይላሉ፣ ግን መጽሐፉ ስላዘዘ ሁልጊዜ መሥዋዕት ያቀርባሉ።»

«መጽሐፉን ማን ጻፈው ታዲያ?»

«ማንም። መጽሐፉ ሁልጊዜ ነበረ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ተበሳጭቶ «ጥሩ፣ ግን እንደኛ ዓይነት፣ ንጹሕ ሳይንሳዊ የሆነ የለም እናንተ አገር?» አለው።

«አለ። አለ!» አለ ህንዱ ለመርዳት ፈልጎ። «ነፍስም የለም፣ ፈጣሪም የለም፣ ብላ ጠጣ የሚሉ አሉ። ግን መጽሐፋቸው ጠፍቷል።»

ከዚያ በኋላ ማንም አላጨበጨበም። ሊቀመንበሩ «ውይይቱ አብቅቷል» አለ። ለአባቷ አምላክ የለውም፤ ለሊቀመንበሩ አምላክ በዛበት። አንድ ሰው ከሁለት በር እንዴት እንደሚባረር ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ስንወጣ አባቷ በር ላይ ጠበቁን። የሚሳደቡ መስሎኝ ነበር። ህንዱን ረዥም አዩት፤ ከዚያ «ሊቀመንበሩ የፈለገውን ብትናገር ይጠቅምህ ነበር። አልተናገርክም» አሉት። «የሚመጣው እሁድ ኑ።»

በደስታ አበድኩ። ሌላው ሰው ቢሆን ይጸልያል፤ እኔ ላውንደሪ ሄድኩ፣ ዳግም ያስተኮስነውን የህንዱን ኮት በራሴ ተሸክሜ አመጣሁት።

እሁድ ገባን። ህንዱ ጫማውን አወለቀ። ሀጂ በግማሽ ልብ፣ የእድሩ ዳኛ በሙሉ ልብ ተቀመጡ። አባቷ በጣም ደክመዋል። «እንቅልፍ አጣሁ» አሉ። «ይኼ ሰው ውሸታም አይደለም። ግን እኔ ያለ መሐላ ልጅ አልሰጥም። አንድ ጊዜ...» አሉ።

ያኔ ከመጋረጃው ኋላ የእሷ ድምፅ መጣ። ሙሽሪት ሽማግሌ ፊት አትናገርም። ተናገረች።

«አባዬ፣ የእህቴ ሽማግሌዎች'ኮ ሁሉም ምለው ነበር። በወንጌል ነው የማሉት። እርስዎ ነዎት ያስማሏቸው።»

አባቷ «ዝም በይ» እንኳ አላሉም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። እኔ ገመትኩ፦ አሁን ይሰጣሉ አልኩ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንቢ አይልም አልኩ።

በመጨረሻ ቀና አሉ። «ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «እነሱ ምለው ከዱ፤ እግዜር ይፈርድባቸዋል። እኔ የምይዘው እሱን ብቻ ነው። እሱንም ከለቀቅኩ የምይዘው የለኝም።» ወደኔ ዞሩ። «አንተን አልጠላሁህም። ይኼ ሰው ይውጣና ሌላ ሰው ይተካ፤ ማንም ይሁን፣ ሲፈልግ እስላም ይሁን ካቶሊክ። ይማልልኝ። አሁን እሰጣለሁ።»

ህንዱ ሳልተረጉምለት ገባው። ወዲያው ተነሳ። ፈገግ አለ፣ የእውነት ፈገግታ። «ጥሩ» አለኝ። «ጥሩ ነው። እኔ ውጪ እጠብቃለሁ።» እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

በሩ ክፍት ነበር። ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል አየሁት። ጉልበቱ ያመዋል፤ ግድግዳውን ይዞ ባንድ እግሩ ይታገላል፤ ያን የተተኮሰ ኮት ለብሶ። ክሩን ማሰር አቃተው። የጎረቤት ልጆች ቆመው ያዩታል።

ጀግና ነው እንዳትሉኝ። እግሬ ነው የተነሳው። ሂጄ ተንበረከኩና የጫማውን ክር አሰርኩለት። «ግባ፣ ግባ» እያለ ትከሻዬን ይገፋኛል። አንዱን አስሬ ሁለተኛውን ስጀምር ከኋላዬ በሩ ተዘጋ። በኃይል አይደለም። ቀስ ተብሎ ነው የተዘጋው።

አንኳኳሁ። የእድሩ ዳኛ ከውስጥ ወጥተው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ጥሎኝ ወጣ፣ አይቶ መረጠ ብለዋል» አሉኝ። «ክር ነው ያሰርኩት!» አልኩ። «ነግሬያቸዋለሁ። ሰው ሽማግሌ አስቀምጦ ክር ሊያስር አይወጣም አሉኝ።» በሚቀጥሉት ሳምንታት እሳቸውም ሀጂም ተመላለሱ። አልሆነም። በዛ ላይ አባቷ ታመሙ፤ የታመመ ሰው ላይ ማን ይጨቃጨቃል?

እሷን ያገኘኋት አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ነው። ስታለቅስ ነበር የመጣችው፤ ዓይኗ አብጧል። እኔ ለማሳቅ ሞከርኩ። «ንፋስ በዛብሽ እንዴ፣ ፊትሽ ተነፍቷል» አልኳት። አልሳቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀልድ» አለችኝ። «ክሩን ልታስርለት ነው የወጣኸው ወይስ ትተኸን ነው?»

ቀልድ ፈለግሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀልድ አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አጣሁ። «አላውቅም» አልኳት።

«እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁህ» አለች። «ስትንበረከክ ሳይህ ኮራሁብህ። ከዚህ ሰው ውጪ ማንንም አላገባም አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደሞ አባዬ ሲነሱ አየኋቸው። ተቀምጠህ ቢሆን ኖሮ...» አለችና ተወችው። «ተቀምጠህ ቢሆንም'ኮ እንዲህ አልወድህም ነበር።»

«ታዲያ እንሂድ» አልኳት። «ጅማ፣ ናዝሬት፣ የትም ጎማ አለ።»

«አባዬን ማን ያጥባቸዋል?» አለች። «አንዷን ቀብረዋል። አንዷ ልኮብልልባቸው?»

አውቶቡሱ መጣ። ገባች። እንደ ሌላው ጊዜ በመስኮት አላየችኝም፤ እኔ ግን እስክትታጠፍ ድረስ ቆሜ ነበር። አንድ ታክሲ ጎማው ተንፍሶ የሱቄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። አልሰማሁትም። ያን የሚመስል ድምፅ ከሩቅ የምለይ ሰው ነኝ፤ አልሰማሁትም።

በጥር ዳሯት። ለደብረ ዘይት ሰው፣ መጋዘን ጠባቂ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ማሉ። ክፉ ሰው አይደለም ይባላል። ይኼን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሰው መሆን አልቻልኩበትም፣ አልተደሰትኩም። የሰርጉ ቀን ሱቄን ዘጋሁ፣ ሲያልፉ ጥሩምባው እንዳይሰማኝ ውስጥ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ሬዲዮው ደሞ ስለ ገበሬዎች ማኅበር ነው የሚያወራው። ያን ዜና እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስለ ማዳበሪያ ዛሬም ብትጠይቁኝ አውቃለሁ።

በነጋታው ህንዱ መጣ። ብስክሌት አልያዘም። እጄ ላይ ያለውን ሥራ ትቼ እንድቀመጥ አስገደደኝ፤ እሱም አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ኮቱ ሳያሳሳው። ይቅርታ ሊለኝ አፉን ሲከፍት አስቆምኩት።

«ቲቸር» አልኩት፣ «ያ ጌታ ያለው ቤት የቱ ነበር ያልከኝ?»

«ዮጋ» አለ።

«ዛሬ እዛ ውሰደኝ። የምናገረው አለኝ። ሰው ሊሰማኝ አይችልም፤ ጌታ ነው የምፈልገው። ይኼን ለምን አደረግህ ብዬ ፊት ለፊት ልጠይቀው።»

ህንዱ አሰበ። እኔ ቀልድ ነው የተናገርኩት፤ እሱ ግን እንደ ሂሳብ ጥያቄ ነው የወሰደው። ብዙ አሰበና በጣም አዝኖ፣ ክፉ ዜና እንደሚያረዳ ሰው አጎንብሶ እንዲህ አለኝ፦

«አይሆንም። የዮጋ ጌታ አለ፣ ግን ዓለምን አልፈጠረም። ሰው ላይ ምንም አላደረገም። እሱን መጠየቅ አይቻልም።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፤ ጌታ ያለው ቤት እንኳ ጥፋቱን የሚቀበል ጌታ የለውም! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ አላቆም አለኝ፣ መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አላወቅሁም። እሱ ጀርባዬን ይመታልኛል፣ ውኃ ትን እንዳለው ሕፃን። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩናል፤ ማን እንደሞተብን ሊጠይቁ ፈልገው ፈሩ። አንዲት እናት ብቻ ጠጋ ብለው «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉኝ። ወደ ህንዱ ዞረው ትንሽ አመነቱ፤ እሱንም «እግዜር ያጥናዎት» አሉት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሜን» አለ።